54 ወይስ 56 ሴንቲ ሜትር? በሁለት የብስክሌት ፍሬም ልኬቶች መካከል ለቆመ ገዢ

ቁመትዎ 1 ሜትር ከ76 አካባቢ ከሆነ ሁለቱም ሊሆኑልዎ ይችላሉ፤ ጣጣውም እዚያው ላይ ነው። ዋጋቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው።

54፦ በመጠኑ ይቀላል፣ ኩርባ ላይ ይታዘዛል። ካጠረዎት የኮርቻውን ዘንግ ከፍ ያደርጋሉ። ግን ኮርቻው ከመሪው በላይ ስለሚወጣ ወገብ ያጎብጣል፤ ቀስ ብለው ሲታጠፉም የጫማዎ ጫፍ የፊት ጎማውን ሊነካ ይችላል።

56፦ መሪው ከፍ ስለሚል ለረጅም መንገድ ይመቻል። የረዘመ ፍሬም ግን አያጥርም። እኔ «ሰፊ ይሻላል» ብዬ ገዛሁና በሰዓት ውስጥ ትከሻዬ ድንጋይ ይሆን ነበር፤ ቁመቴን እንጂ የክንዴን ርዝመት አላሰብኩም።

ክንደ አጭር ወይም ተወዳዳሪ ከሆኑ 54፤ ክንደ ረጅም ሆነው ወገብዎ ማጎንበስ ካልወደደ 56። ፍሬሙን በእግርዎ መሃል አድርገው ሲቆሙ ከላይኛው ቱቦ በላይ ሁለት ጣት ካልገባ ግን 56ቱን ይተዉት።