በበረኪና የተነከረ እርጥብ ሶፍት፦ አራት ኮከብ ሰጥቼ አምስተኛውን ለሽታው ነፍጌዋለሁ

ይህ ለተራ የቤት ጽዳት የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ባለቤቴ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለው፣ አክታንም የአንጀት ፈሳሽንም የሚያወፍር የዘር ሕመም አለበት። ሳንባው እየታመመ ስለሚያስቸግረው አንቲባዮቲክ ከቤታችን አይጠፋም፤ መድኃኒቱ ደግሞ ጠቃሚዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች ጠራርጎ ሲ ዲፊሲል ለሚባለው፣ ትልቁን አንጀት ለሚያቆስል ባክቴሪያ መንገድ ይከፍታል። ብዙ የዚህ ሕመም ባለቤት የሆኑ አዋቂዎች ሲ ዲፊሲልን ምንም ሳይሰማቸው ተሸክመው ይኖራሉ። ሲነሳ ግን ተንኮለኛ ነው፤ ተቅማጥ እንኳን ላይኖር ይችላል። የባለቤቴ ሆድ እንደ ከበሮ ተወጥሮ መጀመሪያ የተጠረጠረው የአንጀት መዘጋት ነበር። ሲቲ ስካን ሲነሳ ትልቁ አንጀት ከዳር እስከ ዳር አብጦ ተገኘ።

በቀን አራት ጊዜ የሚዋጥ ቫንኮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ይዘን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኘው ቤታችን ስንመለስ ነርሷ አስጠነቀቀችኝ፦ የአልኮል ሳኒታይዘር ስፖሩን (ባክቴሪያው ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የሚተኛበትን ዘር መሰል መልኩን) አይገድልም፤ እጅ በሳሙናና በውሃ፣ መጸዳጃ ቤቱ በበረኪና። በየሱፐርማርኬቱ ያሉት አብዛኞቹ እርጥብ ሶፍቶች በረኪና የላቸውም፤ ስለዚህ ከፊት ለፊት ያለውን ማስታወቂያ ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ። ይህኛው የሲ ዲፊሲልን ስፖር እንደሚገድል በግልጽ ተጽፎበታል።

ታዲያ መጥረጉ ብቻ አይበቃም፤ ገጹ 3 ደቂቃ ሙሉ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። የውሃ መልቀቂያዋ እጀታ ቶሎ ስለምትደርቅ ደግሜ አርሳታለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ በሩ ላይ ቆማ፦ «ጠርገሽ ውጪ እንጂ፣ ምን ትጠብቂዋለሽ? በዚህ ብር ስንት ጠርሙስ በረኪና ይገዛል!» ትለኛለች። በዋጋው እውነቷን ነው። የጠርሙሱ ግን በልክ መበጥበጥ፣ ያውም በየቀኑ አዲስ መሆን አለበት፤ እኔ ከሥራ ስገባ ለዚያ ጉልበት የለኝም።

ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። ለታመመ ሳንባ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ የማጸዳው ባለቤቴ ሲወጣ፣ መስኮቱን ከፍቼ ነው። መድኃኒት በእንፋሎት መልክ የሚስብበትን ኔቡላይዘር በዚህ አልነካውም፤ የእሱ አጸዳድ ሌላ ነው። ሶፍቱ የመጸዳጃ ቤቱ የውሃ ቧንቧ ላይ ነጭ ቅሪት ስለሚተው ጊዜው ሲያበቃ በውሃ እለቀልቀዋለሁ። ክዳኑ እስኪጮህ ካልተጫኑት የላይኛው ሶፍት ይደርቃል። ጓንት አብሮ አይመጣም፤ ለብቻው ግዙ።