ብልቃጡን አዙሩት፦ የሰፕሊመንት ንጽጽር ለገዢ

ሁለት የዓሣ ዘይት ብልቃጥ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሁለቱም ላይ በትልቁ «1000 ሚሊግራም» ተጽፏል። አንዱ ርካሽ ነው፣ አንዱ ውድ። ግማሹ ሰው «ያው ነው» ብሎ ርካሹን ያነሳል፤ ግማሹ ደግሞ «ውድ ነገር ጥሩ ነው» ብሎ ውዱን። ሁለቱም በግምት ነው የገዙት።

አሁን ብልቃጡን አዙሩት። የምትፈልጉት ሁለት መስመር ነው፤ ኢ.ፒ.ኤ እና ዲ.ኤች.ኤ የሚሉትን። ኦሜጋ 3 ሲባል በዓሣ ዘይት ውስጥ ዋጋ ያላቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በተለመደው የዓሣ ዘይት ላይ 180 እና 120 ይላል። ደምሩት፣ 300 ነው። የቀረው 700 ሚሊግራም አብዛኛው ሌላ ስብ ነው። ውዱ «ኮንሰንትሬትድ» ከሆነ ድምሩ 600 ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ የውዱ አንድ ፍሬ የርካሹን ሁለት ፍሬ ይተካል ማለት ነው። ዋጋ ስታወዳድሩ በፍሬ ብዛት ሳይሆን በዚህ ድምር አካፍሉ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር የአንድ ፍሬ ላይሆን ይችላል። «ሰርቪንግ ሳይዝ» በሚለው ቦታ 2 ወይም 3 ተብሎ ከተጻፈ፣ ቁጥሩ የሁለት ወይም የሦስት ፍሬ ነው። እዚህች ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል።

ግን መግዛቱስ ያስፈልጋል ወይ? ቫይታል በሚባለው የአሜሪካ ጥናት 25,871 ሰዎች በአማካይ ለአምስት ዓመት ያህል ተከታትለዋቸዋል። በቀን 1 ግራም ኦሜጋ 3 የወሰዱት ሰዎች፣ ምንም ከሌለው ክኒን ጋር ሲነጻጸሩ፣ ዋና ዋና የልብና የደም ሥር አደጋዎች በግልጽ አልቀነሱላቸውም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር የሚመክረው በሳምንት ሁለቴ ዓሣ መብላትን ነው። ይህን የምታደርጉ ከሆነ ብልቃጡን መልሱት። ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ከአልጌ የተሠራው ዘይት ጥሩ አማራጭ ነው፤ ኢ.ፒ.ኤና ዲ.ኤች.ኤ አለው፣ ዓሣውም ራሱ የሚያገኘው ከዚያው ነው። የተልባ ዘይት ግን ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ያለው ኤ.ኤል.ኤ የሚባል ሌላ የኦሜጋ 3 ዓይነት ሲሆን ሰውነት ወደ ሁለቱ የሚቀይረው በጣም ጥቂቱን ብቻ ነው። ትራይግሊሰራይዳቸው (በደም ውስጥ ያለ የስብ ዓይነት) በጣም ከፍ ላለ ሰዎች ሐኪም እስከ 4 ግራም ሊያዝ ይችላል። ይህን መጠን ግን በራሳችሁ አትጀምሩ፤ ከፍተኛ መጠን የልብ ምት መዛባትን እንደሚያበዛ በጥናት ታይቷል።

አይረን (ብረት)፦ ሰልፌት፣ ግሉኮኔት ወይስ ቢስግላይሲኔት?

ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በትክክል ለሚያስፈልገው ሰው ሕይወት ይቀይራል፣ ለማያስፈልገው ደግሞ ይጎዳል።

ፌረስ ሰልፌት 325 ሚሊግራም የሚል እንክብል ውስጥ ያለው ንጹሕ አይረን 65 ሚሊግራም ነው። ፌረስ ግሉኮኔት በዚያው በ325 ሚሊግራም 40 እንኳ አይሞላም። ፌረስ ፉማሬት ደግሞ 106 ገደማ ይይዛል። ሦስቱም ፊት ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል፤ የሚሰጧችሁ ግን የተለያየ ነው። «ግሉኮኔት ለሆድ ቀላል ነው» የሚባለውም አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ አይረኑ ራሱ ያነሰ ነው። ስለዚህ «ኤለመንታል አይረን» የሚለውን ፈልጉ።

ቢስግላይሲኔት አዲስና ወደድ ያለ ነው። የአይረን መጠኑ ብዙ ጊዜ አነስ ይላል፣ ሆድ የማስቸገር ነገሩም ዝቅ ያለ እንደሆነ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ሰልፌት ማቅለሽለሽና የሆድ ድርቀት አስመርሯችሁ ካቋረጣችሁ፣ ቢስግላይሲኔት ገንዘቡን ያወጣል። ሰልፌት ከተስማማችሁ ግን ለምን ትጨምራላችሁ? ርካሹ በደንብ ይሠራል።

ቀስ ብሎ የሚሟሟ ወይም ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ የተሸፈነውን እኔ አልመርጥም። አይረን በብዛት የሚመጠጠው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው። እንክብሉ እዚያ ሳይሟሟ ካለፈ ቦታውን አለፈ ማለት ነው።

ከብልቃጡ ምርጫ የሚበልጠው ግን አወሳሰዱ ነው። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ የአይረን ክምችታቸው ዝቅ ያለ ሴቶች በየቀኑ ከመውሰድ ይልቅ አንድ ቀን እየዘለሉ ሲወስዱ ከእያንዳንዱ እንክብል የበለጠ አይረን መጠጡ። ምክንያቱ ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ነው። አንድ ትልቅ መጠን ስትወስዱ ሆርሞኑ ከፍ ይልና ለአንድ ቀን ያህል የአንጀትን በር ያጠባል። በማግሥቱ የዋጣችሁት ብዙው ሳይመጠጥ ይወጣል። ሆዳችሁ ለተቸገረ ሰዎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሐኪማችሁን ጠይቁት። ሻይና ቡና፣ እንዲሁም ካልሲየም፣ ከአይረኑ አርቃችሁ ውሰዱ። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው።

ሳትመረመሩ ግን አትግዙ። ድካም ሁሉ የአይረን ማነስ አይደለም። የሂሞግሎቢንና የፌሪቲን (የአይረን ክምችትን የሚያሳይ) ምርመራ ቀላል ነው። ወንድ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት አይረን ካነሳቸው፣ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ደሙ የት እየፈሰሰ እንደሆነ ነው፤ እንክብሉ ያንን ሊሸፍነው ይችላል። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ደግሞ ብልቃጡን ከፍ ያለ ቦታ ቆልፋችሁ አስቀምጡ። ከረሜላ መስሎት ጥቂት ፍሬ የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል።

ማግኒዚየም፦ ኦክሳይድ ወይስ ሲትሬት?

ኦክሳይድ ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማ ማግኒዚየም ነው። ለዚህ ነው በትንሽ እንክብል ትልቅ ቁጥር የሚጻፍበት። ችግሩ ውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ ብዙው አንጀት ውስጥ ቀርቶ ውኃ ይስባል። ሲትሬት በአንድ ፍሬ ያነሰ ማግኒዚየም ቢይዝም በተሻለ ይመጠጣል። ግላይሲኔትም እንደዚሁ፣ ሆድንም ብዙ አያላላም። ማነሱን ለመሙላት ከሆነ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። ሆድ ድርቀት ላለበት ሰው ግን ያ የኦክሳይድ ጉድለት ጥቅም ይሆናል። «እንቅልፍ ያመጣል» ለሚለው ማስታወቂያ ያለው ማስረጃ እስካሁን ደካማ ነው። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይንካው።

ካልሲየምን በአጭሩ ልለፍ። ካርቦኔት 40 በመቶ ካልሲየም ነው፣ ርካሽ ነው፣ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ሲትሬት 21 በመቶ ነው፣ ፍሬው ይበዛል፣ ግን በባዶ ሆድም ይሠራል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ለምትወስዱ ሲትሬት ይሻላል። የትኛውንም ብትገዙ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም በላይ አትውሰዱ፤ ሰውነት በደንብ የሚመጥጠው እስከዚያ ነው።

ቫይታሚን ዲ፦ ዲ2 ወይስ ዲ3?

ዲ3። በደም ውስጥ ያለውን መጠን የበለጠ ከፍ ያደርጋል፣ ረዘም ላለ ጊዜም ያቆየዋል። አብዛኛው ዲ3 ከበግ ፀጉር ቅባት የሚሠራ ነው፤ የእንስሳ ነገር የማይወስድ ሰው ከላይክን (ድንጋይና ዛፍ ላይ ከሚበቅል ሽበት መሰል ነገር) የተሠራውን ዲ3 ማግኘት ይችላል።

እዚህ ሰው የሚሳሳተው በመጠኑ ነው። የአሜሪካው መመሪያ ለአብዛኛው ትልቅ ሰው በቀን 600 አይ.ዩ. (የቫይታሚን መለኪያ)፣ ከ70 ዓመት በላይ ላለ 800 ይላል። ከ4000 በላይ ያለ ሐኪም አትሂዱ ይላል። 40 አይ.ዩ. ማለት 1 ማይክሮግራም ነው፤ ብልቃጦቹ በሁለቱም ስለሚጽፉ ይህችን ያዙ። መደርደሪያው ላይ ግን 5000 እና 10,000 አይ.ዩ. እንደ ልብ ይሸጣል። ቫይታሚን ዲ ስብ ውስጥ ስለሚጠራቀም ትርፉን ሰውነት ቶሎ አያስወጣውም። ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ይጨምርና ኩላሊትን ይጎዳል። በዚያው በቫይታል ጥናት በቀን 2000 አይ.ዩ. የወሰዱ ሰዎች ካንሰርም፣ የልብ አደጋም፣ የአጥንት ስብራትም አልቀነሰላቸውም። የሚጠቅመው በእርግጥ ላነሰው ሰው ነው።

ፎሊክ አሲድ ወይስ ሜቲልፎሌት?

ሁለቱም የቫይታሚን ቢ9 ዓይነቶች ናቸው። ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ለማርገዝ የምታስብ ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ያስፈልጋታል። የሕፃኑ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚያድግበት ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ነው። ብዙ ሴቶች ያን ጊዜ ማርገዛቸውን እንኳ አላወቁም። ስለዚህ ከእርግዝናው በፊት መጀመር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ችግር ያለበት እርግዝና ለገጠማቸው ሴቶች ከፍ ባለ መጠን ሲሰጥ ችግሩ ዳግም የመከሰት ዕድሉን በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

አሁን «ሜቲልፎሌት የተሻለና ተፈጥሯዊ ነው» እየተባለ በእጥፍ ዋጋ ይሸጣል። ይህን ጉዳት እንደሚከላከል በጥናት የተረጋገጠው ግን ፎሊክ አሲድ ነው። ርካሹን ግዙ፣ ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ አይደለም፤ ማስረጃው ያለው እሱ ጋ ስለሆነ ነው።

ፕሮቲን ፓውደርና ክሬቲን

ዌይ ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ዌይ ኮንሰንትሬት እስከ 80 በመቶ፣ አይሶሌት 90 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ነው። የአንዱን ማንኪያ ፕሮቲን ለማንኪያው ክብደት አካፍሉ፤ 30 ግራም ማንኪያ 24 ግራም ፕሮቲን ካለው 80 በመቶ ነው። ከ60 በታች ከወረደ በስኳርና በዱቄት የተሞላ ነው። ወተት ሆዳችሁን የሚነፋው ከሆነ ላክቶስ (የወተት ስኳር) የቀነሰለትን አይሶሌት ወይም የአኩሪ አተሩን ውሰዱ። ካልሆነ ኮንሰንትሬት ይበቃል። ክብደት ለሚያነሣ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ፕሮቲን ካገኘ በኋላ መጨመሩ ለጡንቻ ብዙም አይታይም። 70 ኪሎ ለሆነ ሰው 112 ግራም ነው። ከምግብ የምታገኙትን መጀመሪያ ቁጠሩ፤ ፓውደሩ የጎደለውን ብቻ ይሙላ።

ክሬቲን ከሆነ ሞኖሃይድሬት፣ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም። ሌሎቹ ውድ ዓይነቶች ከሱ መብለጣቸው አልታየም። የኩላሊት ምርመራ ስታደርጉ እንደምትወስዱት ንገሩ፤ ክሬያቲኒን የሚባለውን ቁጥር ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

የማይገዙት

አጫሽ ወይም አጫሽ የነበረ ሰው ቤታ ካሮቲን ያለበትን ሰፕሊመንት አይግዛ። በፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች ላይ የተደረገው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ፣ የሳንባ ካንሰር ይቀንሳል ተብሎ የተሰጠው ክኒን በ18 በመቶ እንደጨመረው አሳየ። ካሮት መብላት ችግር የለውም፤ ችግሩ የክኒኑ መጠን ነው። ቫይታሚን ኢ በ400 አይ.ዩ. ደግሞ ከ35,000 በላይ ወንዶች በተሳተፉበት ሌላ ጥናት የፕሮስቴት ካንሰርን በ17 በመቶ ጨምሯል። ብልቃጡ ላይ «ፕሮፕራይተሪ ብሌንድ» ተብሎ የእያንዳንዱ መጠን ካልተጻፈ መልሱት፤ የምትውጡትን የማወቅ መብት አላችሁ። ሁለት ብልቃጥ በሁሉም ነገር እኩል ከሆኑ ዩ.ኤስ.ፒ ወይም ኤን.ኤስ.ኤፍ የሚባሉት ገለልተኛ መርማሪ ድርጅቶች ማኅተም ያለበትን አንሱ። ማኅተሙ መድኃኒቱ ይሠራል ማለት ሳይሆን፣ የተጻፈው ነገር በተጻፈው መጠን ውስጡ አለ ማለት ነው።

ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠው ባዮቲን የሚባል ቫይታሚንም አለ። ለትልቅ ሰው በቂ የሚባለው በቀን 30 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ክኒኑ 5000 እና 10,000 ይይዛል። ባዮቲን ላልጎደለው ሰው ፀጉር እንደሚያበቅል የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። አደጋው ላብራቶሪ ላይ ነው። የታይሮይድና የትሮፖኒን ምርመራን ያዛባል። ትሮፖኒን ልብ መጎዳቱን የሚነግር ምርመራ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ባዮቲን በብዛት የወሰደ ሰው የትሮፖኒን ውጤቱ በስህተት ዝቅ ብሎ መሞቱን ጠቅሷል። እየወሰዳችሁት ከሆነ ደም የሚቀዳችሁን ሰው ሳይቀዳችሁ በፊት ንገሩት።