ኬፕ ሜይ፣ 199 ደረጃ

ከሜሪላንድ ተነስተን ሉዊስ፣ ደለዌር ገባን፤ መኪናችንን ጀልባ ላይ ጭነን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ባሕር ላይ ከቆየን በኋላ ኒው ጀርሲ፣ ኬፕ ሜይ ደረስን። ልጆቹ የመጡት ለአሸዋው ነው። እኔ ግን ዓይኔ የመርከብ መብራት ማማው ላይ ነበር።

ማማው እ.አ.አ. በ1859 የተሠራ ነው፣ መብራቱ ዛሬም ይሠራል። ከሱ በፊት ሁለት ማማዎች ነበሩ፤ የቆሙበትን መሬት ባሕሩ በልቶታል!

ማማው ያለበት መናፈሻ ነፃ ነው፣ ማማው ላይ ለመውጣት ግን ይከፈላል። ደረጃው ጠመዝማዛ ብረት ነው፤ መቶኛው ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ደግነቱ በየመሃሉ ማረፊያ አለ፣ እዚያ መስኮቱን የማይ መስዬ ትንፋሼን ሰበሰብኩ (ልጄ ነቅታብኛለች)። ላይ ስትደርሱ ግን ድካሙ ሁሉ ይረሳል፤ በአንድ በኩል አትላንቲክ፣ በሌላው የደለዌር ባሕረ ሰላጤ፣ ከታች ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀረ የኮንክሪት ምሽግ። ነፋሱ ኮፍያ ይነጥቃል።

በመከር ከሄዱ ጭልፊቶች በመንጋ ሲያልፉ ይታያሉ። ብቻ ደረጃውን በነጠላ ጫማ እንዳትሞክሩት፣ እኔ ሞክሬዋለሁ።