የመከር ሰሞን ወይን አገር፦ ባድ ዱርክሃይም ወይስ አልዛስ?

ፍራንክፈርት አካባቢ ላላችሁ፣ የጀርመኗ ከተማ ባድ ዱርክሃይምም የፈረንሳዩ ክልል አልዛስም ሩቅ አይደሉም።

ጊዜ፦ የዱርክሃይም ትልቁ የወይን ጠጅ ፌስቲቫል፣ ቩርስትማርክት፣ በሴፕቴምበር ሁለተኛና ሦስተኛ ቅዳሜና እሁድ ይደምቃል። ልክ የእንቁጣጣሽ ሰሞን! የአልዛስ ለቀማ እስከ ኦክቶበር ሊዘልቅ ይችላል።

ወጪ፦ ቩርስትማርክት መግቢያ አይከፈልበትም። ወይኑ በግማሽ ሊትር ብርጭቆ ስለሚቀዳ ተካፍሎ መጠጣት ያዋጣል። አልዛስ ግን አዳር ይፈልጋል፤ ወጪው ከፍ ይላል።

መንገድ፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ነው። ዱርክሃይም ከማንሃይም በባቡር ይደረሳል፤ ጠጥቶ መሪ የሚይዝ የለም። የአልዛስ የወይን መንገድ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንደሮቹን እንደ ልብ ለማየት መኪና ያስፈልጋል፤ ሹፌሩ ደግሞ ጠብታ እንዳይቀምስ፣ አደራ።

ከጓደኞች ጋር ሞቅ ያለ ጨዋታ ካማራችሁ ዱርክሃይም። እናት አባት ሊጠይቁ ከመጡ፣ ወይም ወይኑን ከአምራቹ ጋር እያወጋችሁ መቅመስ ከፈለጋችሁ፣ አልዛስ፦ ኮልማር ከተማ አድራችሁ የሪክቪርን መንደር እዩ።