የጥሪ ደወል መጠበቅ ወይስ በየሰዓቱ መዞር?

በአሜሪካ ሆስፒታሎች የታካሚዎች መጠይቅ፣ ኤችካፕስ፣ ለአብዛኞቹ የነርስ ጥያቄዎች ከፍተኛውን ነጥብ የሚሰጠው «ሁልጊዜ» ለሚለው መልስ ነው፤ «አብዛኛውን ጊዜ» አይበቃም። ነርስ የታካሚ ደወል እየጠበቀች መሮጧ እዚህ ላይ ይጎዳል፦ አራት ክፍል አንድ ላይ ሲጠራ ሦስቱ መጠበቃቸው አይቀርም፣ ደጋግሞ የሚጠራውም ብዙ ጊዜ የፈራ ሰው ነው።

ሳይጠሩ በየታካሚው ክፍል መዞሩ ይሻላል። ቀን በየ1 ሰዓቱ፣ ሌሊት በየ2 ሰዓቱ፤ አንዱን ዙር ነርሷ፣ ቀጣዩን ረዳቷ። ታካሚውን ስለ ሕመሙ፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ አተኛኘቱ ይጠይቁ፤ ውሃውንና ደወሉን እጁ ሥር ያድርጉ፤ መመለሻ ሰዓትዎን ይንገሩት። የተኛን ግን አይቀስቅሱ። ዙሩ የሚበላሸው ክፍሉ ሳይገባ የዙሩ መመዝገቢያ ቅጽ ሲፈረም ነው። ለደረት ሕመምና ለትንፋሽ እጥረት ግን ደወሉን ወዲያው እንዲጫን ይንገሩት።