ለጠበቃችን ምስጋና፣ የድልድል ደብዳቤ ለደረሳችሁ መምህራን ጥቆማ

የድልድል (ወደ አዲስ መደብ የመመደብ) ወይም የዝውውር ደብዳቤ በእጃችሁ ያለ መምህራን፣ ርእሰ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች፣ አቤቱታ ከማስጻፋችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኛ የመሠረታዊ መምህራን ማኅበር ተጠሪዎች ነን። በዞናችን ከመዋቅር ለውጡ በኋላ የመጣውን ድልድል በሕግ የተከራከሩልንን ጠበቃ በአደባባይ ማመስገን ወደድን። ስማቸውን ያልጻፍነው ራሳቸው «ማስታወቂያ አታድርጉብኝ» ስላሉን ነው። የሚፈልጋቸው በማኅበሩ በኩል ያገኛቸዋል። ጠበቃ ከመሆናቸው በፊት አስተማሪ ስለነበሩ ሊኒየርና ክላስተር (የመምህራን ሥልጠና ዘርፎች)፣ ጉድኝት ማዕከል (ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች የሚደጋገፉበት)፣ ክፍለ ጊዜ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ይህ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው።

ችግሩ የመጣው ከሁለት አቅጣጫ እንደሆነ ታውቃላችሁ። በ2015 የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የ1986ቱን አደረጃጀት ለውጦ 6-2-4 አደረገው፤ ከ1ኛ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ባለው ሁለተኛ ሳይክል ያስተምር የነበረ ባለዲፕሎማ መምህር በአንድ ጊዜ በሁለት እርከን መሃል ተንጠለጠለ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የቀድሞው ደቡብ ክልል ፈርሶ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲመሠረቱ፣ ሐዋሳ የነበረው የቢሮ ባለሙያ ወደ አዲሶቹ የክልል ማዕከላት ተበተነ። ክልል ላይ መደብ ያጣው ወደ ዞን፣ ዞን ላይ ያጣው ወደ ወረዳ፣ ወረዳ ላይ ያጣው ወደ ክፍል ወረደ። ደብዳቤዎቹ ሁሉ «በመዋቅር ለውጥ ምክንያት» ይላሉ፤ ከዚያ በላይ ምክንያት አይጽፉም።

ጠበቃችን መጀመሪያ ያሉት ብዙዎቻችንን አላስደሰተም፤ «መዋቅሩን አትክሰሱ» አሉ። መንግሥት መሥሪያ ቤቱን የማደራጀት፣ መደብ የማጠፍና የመክፈት ሥልጣን አለው። «አደረጃጀቱ ትምህርቱን ይጎዳል» ብሎ የሚጀምር አቤቱታ እውነት ቢሆንም እንኳ ዳኛው ፊት ሚዛን አያነሳም። ሚዛን የሚያነሳው በስማችሁ የወጣው ደብዳቤ ነው። ማን ፈረመው? የፈረመው ኃላፊ በዚያ ቀን ያን ሥልጣን ነበረው? ድልድሉ የተሠራበት መስፈርት በየትኛው መመሪያ ላይ ይገኛል? መመሪያው ከድልድሉ በፊት ነው የወጣው ወይስ በኋላ? መስፈርቱ ለእናንተና አጠገባችሁ ላለው ባልደረባ እኩል ተሠርቶበታል? የአገልግሎት ዘመን፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤት፣ የትምህርት ዝግጅት፣ የትዳርና የጤና ሁኔታ ነጥብ ካላቸው ነጥባችሁ ስንት ተብሎ ተሞላ? ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ያስሞሉና መልስ ያልተገኘላቸውን ብቻ ለይተው ይዘው ይሠራሉ። አንዳንዱን መምህር ያለ ክስ የሚመልሱትም እዚህ ላይ ነው፤ «የእርስዎ ደብዳቤ ደህና ነው፣ ገንዘብዎን አያባክኑ» ይላሉ። እንዲህ የሚል ጠበቃ ብዙ አይገኝም።

ሰርኩላርን፣ ማለትም ከበላይ ለመሥሪያ ቤቶች የሚበተነውን የአሠራር ደብዳቤ፣ በሚመለከት አንድ ነገር አስተምረውናል። አዋጅ ከደንብ፣ ደንብ ከመመሪያ፣ መመሪያ ከሰርኩላር ደብዳቤ ይበልጣል። የመምህራን ዝውውር መመሪያው አንድ መስፈርት ደንግጎ ሳለ «ለአሠራር እንዲያመች» በሚል ሰርኩላር ያ መስፈርት ከተዘለለ፣ ክርክሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ብዙ አቤቱታ ጸሐፊ በልማድ የፌዴራሉን የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይጠቅሳል። አዋጁ የፌዴራል ተቋማትን የሚገዛ ነው፤ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ባወጣው ድልድል ላይ መጥቀስ ለተከራካሪው ቀላል መልስ ማቀበል ነው። መጠቀስ ያለበት የክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅና የክልሉ የመምህራን አስተዳደር መመሪያ ነው። ክልሉ አዲስ ከሆነ ደግሞ ደብዳቤው በወጣበት ቀን የትኛው ሕግ ይሠራ እንደነበር አስቀድሞ መጣራት አለበት።

በትርፍነት ለተነሳ መምህር ደግሞ ሒሳቡን ራሳቸው ቁጭ ብለው ይሠራሉ። ለምሳሌ አንድ ትምህርት ቤት በ7ኛና 8ኛ ክፍል 8 ሴክሽን አለው፣ ሒሳብ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ይሰጣል እንበል። 8 ሲባዛ በ5፣ 40 ክፍለ ጊዜ ነው። አንድ መምህር በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ ቢይዝ ሁለት መምህር ይበቃል፣ ሦስተኛው ትርፍ ነው። ወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። ጠበቃችን የሚጠይቁት ግን 8ቱ ሴክሽኖች የተቆጠሩት መቼ ነው የሚለውን ነው። ድልድሉ ነሐሴ ላይ ባለፈው ዓመት የተማሪ ቁጥር ተሠርቶ፣ መስከረም ላይ ምዝገባ ሲጠናቀቅ ሴክሽኑ 10 ከሆነ ክፍለ ጊዜው 50 ይሆናል፤ ሦስተኛው መምህር ትርፍ መሆኑ ቀረ። ማስረጃው የመስከረም የምዝገባ ማጠቃለያና ርእሰ መምህሩ የፈረመበት የክፍለ ጊዜ ድልድል ነው። ሁለቱም ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስላሉ ቶሎ ቅጂ ውሰዱ፣ በኋላ ሲጠየቁ «አልተገኘም» ይባላሉ። ከዚህ በተጨማሪ ከሦስቱ ውስጥ ትርፍ የተባለው ሰው በምን ተለየ? በአገልግሎት ትንሹ እሱ ካልሆነ፣ በውጤትም ዝቅተኛው ካልሆነ፣ መልሱን መሥሪያ ቤቱ ይስጥ።

አሁን ወደሚያስለቅሰው ጉዳይ፣ ወደ ቀን ቆጠራ። ድልድል ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ክረምት ላይ ነው። መምህሩ ለክረምት ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሄዷል ወይም ቤተሰቡ ጋ ነው፣ ዝርዝሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ዝናብ ይመታዋል። ቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ግን አጭር ነው፣ በየክልሉም ይለያያል፤ «የሥራ ቀን» የሚልና «ቀን» ብቻ የሚል ሕግ ደግሞ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ዝርዝሩን ያየ ሰው ቀኑ እንዲታይ አድርጎ ፎቶ ያንሳ፣ ደብዳቤው በስሙ ሲደርሰው ደግሞ የደረሰበትን ቀን በእጁ ጽፎ ይፈርም። ቅሬታው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ መዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፣ ቀንና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ እናንተ ጋ ይቅር። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ በሪኮማንዴ (በፖስታ ቤት ተመዝግቦ በሚላክ ደብዳቤ) መላክ ነው፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ማስረጃ ይሆናል። ለኃላፊው በቃል የተነገረ ቅሬታ፣ በስልክ የተላከ መልእክት፣ «ይታይልሃል» የሚል ተስፋ፣ አንዱም ቀን አያቆምም።

ሌላው አደገኛ ስህተት ደብዳቤውን ተቃውሞ ቤት መቀመጥ ነው። አዲሱ ምድብ ቦታ ሪፖርት ያላደረገ መምህር ከዝውውር ክርክር ወጥቶ ከሥራ መቅረት ክርክር ውስጥ ይገባል፤ ያ ደግሞ እስከ ስንብት ያደርሳል። ጠበቃችን ሁሉንም ያሉት አንድ ነው፤ ሂዱ፣ ፈርሙ፣ አስተምሩ፤ ሪፖርት ስታደርጉ ግን «ያቀረብኩት ቅሬታ እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚል አጭር ደብዳቤ ስጡ፣ ቅጂውን ገቢ አስደርጉ። ይህን ያደረጉት ደመወዛቸው አልተቋረጠም፣ መብታቸውም አልተነካም። ዕግድ መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን የዕግድ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ደብዳቤው ሕይወት እንዳለው አትርሱ። ዕግዱን ስትጠይቁ «እንገላታለሁ» አይበቃም። ሕክምና ክትትል ያለበት በሕክምና ማስረጃ፣ የምታጠባ እናት በልጇ የልደት ማስረጃ፣ በኋላ በገንዘብ የማይካስ ጉዳት መኖሩን አሳዩ።

የት ይከሰሳል? የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይመለከተውም። ሥራ ክርክር ችሎት የሄደ ችሎቱ እንዲህ ያለውን ጉዳይ የማየት (የሥረ ነገር) ሥልጣን ስለሌለው መዝገቡ ይዘጋበታል፣ ያን ጊዜ የቅሬታው ቀን አልፎ ይገኛል። (የግል ትምህርት ቤት መምህራን ግን ጉዳያችሁ በዚያው አዋጅ ነው፣ ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም።) ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ፣ የኃላፊው ውሳኔ ካላረካ ወይም በጊዜው መልስ ከጠፋ ወደ መንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት፣ ከዚያ በሕግ ስህተት ላይ ይግባኝ፣ በመጨረሻ ሰበር ነው። አስተዳደር ፍርድ ቤቱ ላይ ያልቀረበ ማስረጃ በይግባኝ ደረጃ መልሶ ለማስገባት በጣም ይከብዳል። ስለዚህ ሁሉ ነገር ከመጀመሪያው ይቅረብ፤ የማስረጃ ዝርዝሩ ከአቤቱታው ጋር ይያያዝ፣ በእጃችሁ የሌለው ሰነድ ደግሞ ማን ጋ እንዳለ ተጽፎ እንዲቀርብ ትእዛዝ ይጠየቅ። መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ የሚያነሳው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 ያሉትን መቃወሚያዎች ነው፤ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፣ ጊዜው አልፏል፣ አቤት ባዩ መብት የለውም። የጠበቃችን አቤቱታዎች ለእነዚህ መልሱን ከመጀመሪያው ገጽ ይዘው ነው የሚገቡት።

ብዙ ሰው በአንድ አቤቱታ መግባቱ ርካሽ ይመስላል። ሕጉም በቁጥር 38 ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎች፣ መስማማታቸው ለፍርድ ቤቱ ከተረጋገጠ፣ በጥቂቶች ተወክለው እንዲከራከሩ ይፈቅዳል። ጠበቃችን ግን ስማችንን በአንድ ዝርዝር አላስገቡም። በትርፍነት የተነሱትን ለብቻ፣ ከባለሙያነት ወደ ክፍል የተመለሱትን ለብቻ፣ የጤናና የትዳር ምክንያት ያላቸውን ለብቻ አደረጉ። ምክንያቱም የአንዱ ደካማ ነጥብ የሌላውን ጠንካራ ነጥብ ይጎትታል፤ ተከራካሪው ደካማውን መርጦ ስለ ሁሉም ይመልሳል። መልስ ሰጪውን በመለየትም ጠንቃቃ ናቸው፤ ደብዳቤውን የፈረመው መምሪያ በመዋቅር ለውጡ ከፈረሰ ሥራውንና ማኅደሩን የተረከበው ተቋም ማን እንደሆነ ከማቋቋሚያ ሕጉ ያሳያሉ።

ማኅደር ካነሳን፣ ዝውውር ላይ ከሁሉ በላይ የሚጠፋው እሱ ነው። የቅጥር ደብዳቤ፣ የደረጃ ዕድገት ደብዳቤዎች ከጀማሪ መምህር ጀምሮ፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤቶች፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የመጨረሻ ደመወዝ ማረጋገጫ፤ የእነዚህ ሁሉ ቅጂ ቤታችሁ ይኑር። ከባለሙያነት ወደ ክፍል የተመለሰ ሰው በመሪ መምህርነት እርከኑ ላይ የሚነሳበት ጥያቄ የሚፈታው በእነዚህ ወረቀቶች ነው።

ውጤቱን በተመለከተ፣ የተወሰኑት ድልድል በመስፈርቱ መሠረት እንደገና እንዲሠራ ተወስኖላቸዋል፣ የተወሰኑት ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል፣ ያልተሳካላቸውም አሉ፣ ይግባኝ ላይ ያለም አለ። ከጅምሩ የተነገራቸው ስለነበር ያልተሳካላቸውም አልተማረሩም። ክፍያቸው በጽሑፍ ውል ነው፤ ማማከሩ፣ የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ ክርክርና ይግባኙ ለየብቻ ይዋዋላሉ፣ ስለዚህ ያልደረሳችሁበትን አትከፍሉም። ጉድለታቸውን እንናገር ካልን ስልክ ቶሎ አያነሱም፣ ያለ ቀጠሮም አያነጋግሩም። ስትሄዱ ደብዳቤውን፣ የደረሳችሁበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ገቢ የሆነውን የቅሬታ ቅጂና የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ይዛችሁ ሂዱ፤ እነዚህ ከሌሉ ለሌላ ቀን ይቀጥሯችኋል።

ጠበቃችን፣ እናመሰግናለን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።