ኤች ጄ 75 ላይ የገጠምኩት የአይሲን ሃብ፣ ድሬ ላይ ወራት ሠርቶ

መኪናዋ ላንድ ክሩዘር ኤች ጄ 75 ፒክአፕ ናት፣ ያቺ ባለ 2ኤች ናፍታ ሞተሯ፣ እስከዛሬ ጭነት የምታነሳው። ሃብ ማለት የፊት ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር በእጅ የምታገናኙበትና (ሎክ) የምታላቅቁበት (ፍሪ) ነገር ነው። ፊት ላይ የነበረው ኮፒ ሃብ አላሠራ ሲለኝ ያገለገለ ግን ኦሪጅናል የአይሲን ጥንድ ፈልጌ ገጠምኩ፣ ከዛ ወዲህ የሽንሌ አሸዋ በሉት፣ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ በሉት፣ ወደ ሐረር የደንገጎ ዳገት፣ ሁሉንም በሱ ነው የሠራሁት። በጣም ረክቻለሁ አቦ፣ ግን እንክብካቤ ይፈልጋል፣ እሱን ነው በደንብ ልነግራችሁ የፈለግኩት።

የኮፒው ችግር ማዞሪያው ሎክ ላይ ደርሶ ውስጥ ያለው ጥርስ ግን አይነክስም። አንዱ ጎን እንኳ ካልነከሰ ደግሞ የፊቱ ጉልበት በሙሉ ጠፋ ማለት ነው፣ ዲፈረንሻሉ ላልታሰረው ጎን ይሰጠውና ሴሚያሱ፣ ማለት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ባዶውን ይዞራል፣ ሹፌሩ ፎር ዊል አስገብቻለሁ ብሎ ሲረግጥ የኋላው እየቆፈረ ይቀበራል። ስለዚህ ከመንገድ በፊት ፈትሹት። የኋላ ጎማ በድንጋይ ደግፉ፣ ሁለቱንም ሃብ ሎክ አድርጉ፣ ፎር ዊሉ አይግባ፣ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንስታችሁ በእጅ አዙሩት፣ ወደ ፊት ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ አብሮ መዞር አለበት። ያነሳችሁትን ፍሪ ስታደርጉት ጎማው ብቻውን ይዞራል። በሌላውም ጎን እንደዛው።

አሁን ግራሶ። ብዙ መካኒክ ሃቡን ከፍቶ ግራሶ ጢም አድርጎ ይሞላዋል፣ እኔ ይሄን በጣም ነው የምቃወመው። ሙሉ ግራሶ የሚፈልገው ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው፣ ሃቡ ውስጥ ያለው ተንሸራታች ጥርስ ስስ ቅብ ይበቃዋል፣ ሲበዛ ከድሬ አቧራ ጋር ተለውሶ እንደ ሊጥ ይይዘዋል፣ ማዞሪያው ይጠነክራል፣ ከዛ ሰው ፒንሳ ያመጣል፣ በፒንሳ የተጠመዘዘ ማዞሪያ ደግሞ አለቀለት። በጣት ነው መዞር ያለበት፣ እምቢ ካለ መኪናውን ትንሽ ወደ ፊት ወደ ኋላ ስታደርጉት ጥርሱ ይገጥማል።

ሲፈታ መጀመሪያ ሽፋኑን የያዙት ብሎኖች፣ ቀጥሎ ሴሚያሱ ጫፍ ላይ ያለው ቀለበት፣ ከዛ የሃቡ ስድስት ዳዶ። ዳዶው ወጥቶም ሃቡ አይለቅም፣ ሾጣጣዎቹ ሮንዴላዎች ይዘውታል፣ የነሐስ ዘንግ አስደግፎ በመዶሻ መታ መታ ሲደረግ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። በካቻቢቴ መፈልቀቅ አይሆንም፣ ፊቱ ከተበላ ውሃ ይገባል። ሁሉንም በናፍታ አጥባችሁ አድርቁ። ኩሽኔታውን የያዘው ትልቁ ዳዶ 54 ነው፣ ሶኬት ፈልጉለት እንጂ በመሮ አይመታ። ሽፋኑ ሲመለስ ማዞሪያው ፍሪ ላይ ይሁን፣ ከሥሩ የሚገባው ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑም አዲስ።

ወር ሙሉ ደግሞ ፍሪ ላይ አይቆይ። ፍሪ ላይ ሴሚያሱም መታጠፊያ ጆይንቱም ቆመው ነው የሚውሉት፣ ግራሶው አይዳረስም፣ ቶዮታ ራሱ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በፎር ዊል ንዱ ይላል፣ እኔ የሽንሌ አሸዋ ላይ እጨርሰዋለሁ። ሃቡን ሎክ አድርጎ በሁለት ጎማ አስፋልት ላይ መንዳት ምንም አይልም፣ ፎር ዊል አስገብቶ የደንገጎን ኩርባ በደረቁ መጠምዘዝ ነው ጥርሳጥርሱን የሚያስጨንቀው፣ ይቺ መኪና መሃል ላይ ዲፈረንሻል የላትም።

ጎማው ውስጥ ጥቁር ቀጭን ቅባት ካያችሁ ሃቡን አትውቀሱ፣ የዲፈረንሻል ዘይት በሴሚያሱ ፓራዮሊዮ (ዘይት የሚያግደው ጎማ ማሸጊያ) አልፎ ግራሶውን አቅጥኖታል፣ ፓራዮሊዮው ሳይቀየር ሃብ ማጽዳት ልፋት ብቻ ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ካላችሁ ሻጩን ሽፋኑን አስከፍቱትና ጥርሱን እዩ፣ ጫፉ የተሸራረፈ ከሆነ ተዉት፣ ውጪው ቢዝግ ግን ችግር የለውም።